ጥሩምባችንን መልሱልን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን ጉዱ መስከረምን መጠበቅ ትቷል። ዕድራችን ጥሩምባ ነፊውን አሰናብቶ በምትኩ የስልክ ግሩፕ ከፈተ። ጸሐፊው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ዘመኑ የዲጂታል ነው» አለ፤ ወጣቶቹ አጨበጨቡ። እጄን አውጥቼ «ሬሳውንስ በዲጂታል ነው የምንሸከመው?» ብል «ጋሼ፣ ከአጀንዳው ባይወጡ» ተባልኩ።

የጥሩምባ ነፊን ሥራ ለማያውቅ ልንገረው። ሊነጋጋ ሲል፣ ውሻው ሁሉ ጮኾ ጮኾ ደክሞት ዝም ባለበት ሰዓት፣ ከታችኛው መንገድ ይጀምራል። ረዘም አድርጎ ይነፋል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ያረፈው ማን እንደሆነ፣ የማን አባት ወይም የማን ባለቤት እንደሆነ፣ ቀብሩ የት ቤተ ክርስቲያን በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም ይለፍፋል። የእኛ በር ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ነቅቶ ነጠላ ፍለጋ ይዟል። ከቀብር የቀረ ቅጣቱን ይከፍላል፤ «አልሰማሁም» ቢል የገዛ ጎረቤቱ ይመሰክርበታል።

አሁንስ? አንዱ «ዳታ አልነበረኝም» ይላል። ሌላው «ግሩፑን ድምፅ አጥፍቼበት ነበር» ይላል። የዕድርን ድምፅ አጥፍቶ! ባለፈው አንዲት ደግ እናት ሲያርፉ መርዶው ግሩፑ ላይ ወጣ። ከሥሩ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር... መሐል ላይ አንዱ የተቀሰረ አውራ ጣት ለጠፈ። ምን ማለቱ ነው? በማረፋቸው ተስማምቷል? ቀጥሎ የአንዱ ቤት ሕፃን የአያቱን ስልክ አንሥቶ የምትጨፍር ድመት ላከ። ድመቷ እስከ ሠልስት ስትጨፍር ነበር፤ የሚያጠፋት ሰው ታጣ።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መርዶው «ቀብር 9:00» ይላል። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ከተባለ ከቀትር በኋላ መሆኑን ለሰፈራችን ሰው ማስረዳት አያሻም። የሟቿ የወንድም ልጅ ግን ከዋሽንግተን በዋዜማው የገባ ነው፤ ስልኩም የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጥቁር ሱፉን ገጭ አድርጎ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተገኘ። ከመቃብር ቆፋሪዎቹ በቀር ማንም የለም። «ሀበሻ ለአክስቴ ቀብር እንኳ ቀጠሮ አያከብርም!» ብሎ ተንጨረጨረ አሉ። ስድስት ሰዓት ሙሉ! ቆፋሪዎቹ አዝነውለት ሻይ አስመጡለት። ጥሩምባ ነፊው ቢሆን «ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት» ብሎ ይደጋግመው ነበር።

መዋጮውም እንደዚያው ነው። ድሮ በወሩ መጀመሪያ እሁድ፣ የዕድሩ ድንኳንና ብረት ድስት ከሚቀመጥበት ቤት ደጅ ተሰልፈን ደብተራችን ላይ እናስፈርም ነበር። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ሥራ ያዘ፣ የማን አጥር ወደ ማን ተገፋ፣ የሚሰማው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። በግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ፤ ገንዘቡም ቀስ በቀስ ወደ ስልክ ገባ፤ ሰልፉ ቀረ። ሰልፉን ማን ጠላው? እኔ የምጠላው ክፍያውን ነበር፤ እሱ እንደሆነ አልቀረም።

ማመልከቻ ጻፍኩ። ስልኩ ይውደም አላልኩም፤ ጥሩምባ ዋሽንግተን ድረስ አይሰማም። ባሕር ማዶ ላሉት ግሩፑ ይሁን፣ እዚህ ላለነው ጥሩምባው ይመለስ ነው ያልኩት። ጸሐፊው አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ፎቶ አንሥተው ግሩፑ ላይ ይለጥፉልን» አለኝ።

ቡናውንስ ተዉት። ኧረ አልተወውም! ድሮ ቡና ሲፈላ አንድ ሕፃን በር ላይ ቆሞ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ይላል። አሁን ጎረቤቴ ሚስኮል ታደርጋለች። አንዴ ጮኾ ከተቋረጠ አቦል ደርሷል ማለት ነው። እኔ በሚስኮል አልጠራም ብዬ ቁጭ አልኩ። ዕጣኑ በአጥሩ ላይ እየመጣ፣ ሳቃቸው እየተሰማኝ፣ ቶናውም በረካውም አለፈ። ማታ «ምነው ቀሩብን?» ብትለኝ «ማን ጠራኝ?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ልጇን ትልካለች። ልጁም ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል መጥቶ ጥሪውን ለበሩ ነግሮ ይመለሳል።

የልጅ ልጄ «አባባ፣ በምኒልክ ጊዜም ስልክ ሲገባ ቀሳውስቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ነበር ይባላል» እያለች ታሾፍብኛለች። ይባላል። ያ ስልክ ግን ቦታውን ያውቅ ነበር፤ ሰው አልጋ ውስጥ ገብቶ አያድርም። ይህችው ልጅ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ልትሄድ ተነሣች። ስልካቸውን ሰብስበው ቆልፈው፣ ወረቀት ላይ እያነበቡና በእጃቸው እየጻፉ ሊሰነብቱ ነው፤ አእምሮ ለማሳረፍ። ዋጋውን ስትነግረኝ ምራቄን ዋጥኩ። እኔ ወጣትነቴን በሙሉ ያለ ስልክ ስኖር ማን አበል ከፈለኝ?

እኛማ አራት ኪሎ ነበር የምናነበው፤ ጋዜጣ ተከራይተን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን። ከግንቦት 30 ቀን 1933 ጀምሮ የምትታተመው አዲስ ዘመን ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ጭን ስትዞር ትውላለች። አከራዩ አጠገባችን ቆሞ ይቆጣጠራል፤ ክፍት የሥራ ቦታውን ቀዶ ኪሱ ሊከት የሞከረ ወዮለት! መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደረስ ዜናው አለቀ፤ ጋዜጣው ተመልሶ ወደ ቤት ይኬዳል። የዛሬውን ዜና በጣቴ ወደ ላይ ብገፋው፣ ብገፋው፣ መጨረሻ የለውም።

ልጅቱ ከቢሾፍቱ በገዛ እጇ የጻፈችውን ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች። አራት መስመር ነው። ሰላምታ የለው፣ «እንደምን ሰነበትክ» የለው፣ ዘሎ ጉዳይ ውስጥ ይገባል። መልሱን ሁለት ገጽ ጽፌ እራት ላይ ከሳህኗ አጠገብ አስቀመጥኩላት። ጤናዋን ጠየቅሁ፣ የእናቷን ጤና ጠየቅሁ፣ የጓደኞቿን፣ የሐይቁን፣ የክረምቱን ሁኔታ ጠየቅሁ፣ የእኔንም ደኅንነት ከነጉልበቴ ሕመም ገለጽኩ። አገላብጣ አገላብጣ አንብባ «አባባ፣ ዋናው ጉዳይ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«ሰላምታው ገና አላለቀም፤» አልኳት፤ «ጉዳዩ በሚቀጥለው ደብዳቤ ይደርስሻል።»