ለበረዶ ብዬ ነው

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ ቨርጂኒያም ይሁን ሜሪላንድ፣ ብርድ በገባ ቁጥር አንጀቴን የሚያሳርረኝ አንድ ሰበብ አለ። አንድ ሰውዬ ሲረግጡት የሚያገሳ፣ ሆዱ አስፋልት ሊልስ ምንም ያልቀረው፣ የኋላ ወንበሩ ለልጅ ቦርሳ እንኳ የሚጠብ የስፖርት መኪና ይገዛል። መግዛቱ መብቱ ነው። «ምነው ይሄን?» ሲባል ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ለበረዶ ብዬ ነው፤ ኦል ዊል ድራይቭ እኮ ነው» ይላል። ለበረዶ! እሰየው፣ አርቆ አሳቢ አያሳጣን። በከተማዋ የሚወርደው በረዶ በአማካይ በዓመት 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውም ሳይሰነብት ይቀልጣል። ተራው ሰው ለዚህ አካፋ ገዝቶ፣ ቦት ጫማውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ይጠብቃል። ወንድማችን ግን አካፋ አነሰው። ፖርሽ ካሬራ 4ኤስ፣ ካልሆነ ኒሳን ጂቲ-አር፣ ኪሱ ካልፈቀደም ያገለገለ አውዲ ቲቲ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ወጪ የተሸከመው ለራሱ ብሎ አይደለም፤ ለቤተሰቡ ደኅንነት ነው። ቤተሰቡ መኪናው ውስጥ አለመግባቱ ትንሽ ጉዳይ ነው።

ደግሞ ማስረጃ የለውም አይባልም። አውዲ በአራቱም ጎማ የሚጎትተውን ኳትሮን እ.ኤ.አ. በ1980 ለዓለም ካሳየ ወዲህ የራሊ ውድድር እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሚሼል ሙቶን በ1981 ሳንሬሞ ላይ አሸንፋ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውድድር የረታች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው በዚያው መኪና ነው። በ1986 ደግሞ ኩባንያው በፊንላንድ ካይፖላ በሚገኝ የበረዶ ሸርተቴ መዝለያ ላይ አንድ አውዲ 100 ሽቅብ ነድቶ አስቀረጸ። ያን ማስታወቂያ ያየ ሰው በአራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ግድግዳ ይወጣል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ታዲያ በ2005 ማስታወቂያው በኤ6 ሲደገም ጎማዎቹ ላይ የብረት ምስማር እንደነበረ የሚያነሳ የለም። ተአምሩን የሠራው የትኛው እንደሆነ ለመፍረድ ምስማሩን ነቅሎ መሞከር ይበቃ ነበር። የራሊ ሰዎች እንኳ ይህን ያውቁታል። በስዊድን በረዶ ላይ የሚወዳደሩት በቀጭን፣ ምስማር በተተከለበት ጎማ ነው፤ ቀጭኑ በረዶውን ሰንጥቆ ሥሩ ያለውን ይነክሳልና። በሞንቴ ካርሎ ደግሞ ከተወዳዳሪው ቀድሞ መንገዱን እየነዳ፣ የት የት ጥርት ያለ በረዶ እንዳለ ጽፎ የሚያመጣ ቡድን አለ። የእኛው ጀግና ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቡና ሲሄድ ቀድሞት የሚሄድ ቡድን የለውም። የካሬራው የኋላ ጎማ 305 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በረዶ ላይ እንደ ሰሌን ተነጥፎ ለመንሳፈፍ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ነገሩን በእርጋታ እንየው። ኦል ዊል ድራይቭ ማለት ሞተሩ ጉልበቱን ለአራቱም ጎማ ያካፍላል ማለት ነው። ጉልበት የሚካፈለው ነዳጅ ሲረገጥ ነው። እግር ከነዳጅ ተነስቶ ፍሬን ላይ ሲያርፍ ዋናው ሥራ የፍሬኑና የጎማው ይሆናል፤ ከመንገዱ ጋር የሚታገለው ላስቲኩ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካውም መዳፍ በምታህል ቦታ ነው። ፍሬን ደግሞ ከመቶ ዓመት ገደማ ወዲህ በአራቱም ጎማ ላይ አለ። የጎረቤት ኮሮላም በአራቱም ጎማዋ ትቆማለች፤ ሰማንያ ሺህ ዶላር ተጨምሮበት አምስተኛ ጎማ ሲያዝ የታየ የለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት 12 ወይም 15 ሜትር ላይ ይቆማል፤ በጠራ በረዶ ላይ ግን ወደ 100 ሜትር ይንሸራተታል። ይህ ስሌት ስንት ጎማ እንደሚጎትት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፍጥነቱንና ላስቲኩ መሬቱን ምን ያህል እንደያዘው ነው። ኩርባም ላይ ያው ነው። ስለዚህ መኪናው የሚሰጠው ጥቅም የማያሻማ ነው፤ አረንጓዴ ሲበራ ሁሉንም ጥሎ ይሄዳል፣ ቀይ መብራቱ ጋ ደግሞ መቆም አቅቶት ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል።

እንዲያውም ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። በሁለት ጎማ የሚጎተት ተራ መኪና ቢያንስ ሐቀኛ ነው፤ ሲነሳ ጎማው ይሾራል፣ ሾፌሩም «ዛሬስ ያዳልጣል» ብሎ እግሩን ይሰበስባል። በአራቱም የሚጎትተው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ይነሳል። መንገዱ መስተዋት መሆኑን የሚያሳውቀው መጀመሪያ ፍሬን ሲያዝ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፊት ለፊት የሰው መኪና አለ። በዚህ ላይ ብዙዎቹ የስፖርት መኪናዎች ከፋብሪካ የሚወጡት በበጋ ጎማ ነው። የበጋ ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ በረዶ ሳይጥል፣ ብርዱ ብቻ ይበቃዋል። ጥርሱም ቢሆን ለዝናብ ውኃ መውጫ እንጂ በረዶ ለመንከስ የተቆረጠ አይደለም። በአጭሩ፣ ለበረዶ የተገዛው መኪና የቆመው በረዶ በማይወድ ጎማ ላይ ነው።

ትልቁን ጥቅም ግን ገና አልነካሁትም። ለክረምት የተገዛ የስፖርት መኪና ከክረምት መጠበቅ አለበት። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ይበላል፣ ቸርኬ ያበላሻል፤ መኪናው ከመሬት ያለው ከፍታ ግማሽ ስንዝር ስለሆነ የበረዶ ክምር ሲገጥመው በአፍንጫው ይጠርጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ የበረዶ ብናኝ ስትታይ ወንድማችን መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ፣ ሸፍኖ፣ በባለቤቱ ኮሮላ ሥራ ይሄዳል። ባለቤቱ በአውቶቡስ። ጋራዡ ይቀዘቅዛልና ማሞቂያ ይገባለታል፤ ባትሪው እንዳይሞት ቻርጀር ይሰካለታል፤ ሽፋኑ ስለሳሳ እናትየው ከአዲስ አበባ ይዘው የመጡት ወፍራም ጋቢ ይደረብለታል፤ እናትየውም ለልጃቸው ንብረት ሲሉ ብርዱን በሹራብ ይችሉታል። አሁንም ጨው በሌሎች ጎማ ተጣብቆ እስከ በሩ ይመጣል። መፍትሔው የሰፈሩን ሰው አስፈርሞ፣ መንገዳችን ላይ ጨው አይበተን ብሎ ለካውንቲው ማመልከት ነው። ዝናብ ሳይቀድመው በረዶ ሲጠበቅ አስፋልት ላይ የሚረጨው ነጭ የጨው ውኃም ይቁም፤ ቀለም ያበላሻል። ካውንቲው ሰምቶ ተወው እንበል። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ መስተዋት ይሆናል፣ የቆሻሻ መኪናው ተንሸራቶ አጥር ላይ ይተኛል፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ጎረቤቶች ሁሉ መላ ሲፈልጉ የወንድማችንን ምክር ሰምተው እያንዳንዳቸው ኦል ዊል ድራይቭ የስፖርት መኪና ይገዛሉ። እነሱም ጋራዥ ይፈልጋሉ፤ ጋራዥ የሌለው የልጆቹን መኝታ ቤት ያፈርሳል፣ ልጆቹ ሳሎን ይተኛሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ኮሪደር ይወርዳሉ። ዕድሩ የድንኳኑን ማስቀመጫ ቤት ለመኪና ማሞቂያ ያከራያል። በመጨረሻም ወንድማችን በረዶ የጋገረውን መንገድ በመስኮት እያየ «አላልኳችሁም? እዚህ ሰፈር ያለ ኦል ዊል ድራይቭ አይኖርም!» ይላል፤ ትክክልም ነው። እሱ ራሱ ግን ዛሬ አይነዳም። በዚህ በረዶ ማን መኪናውን ያወጣል?

የዋሽንግተን በረዶ ቀልድ አይደለም ለሚለኝ፣ አይደለም። በጃንዋሪ 20 ቀን 2016 የወረደው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነበር፤ መንገዱ ቀድሞ ስላልታከመ ከተማው ተቆላልፎ አመሸ፣ የፕሬዚዳንት ኦባማ አጀብ ራሱ ከአንድሩስ ጦር ሰፈር ኋይት ሐውስ ለመግባት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቷል። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ በቨርጂኒያ አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ በረዶው በዝናብ ስለጀመረ፣ የሚረጨው ጨው ይታጠባል ተብሎ ሳይረጭ ቀረ፤ ከባድ መኪናዎች መንገዱ ላይ ተጋደሙና ሕዝቡ መኪናው ውስጥ አደረ። ሴናተር ቲም ኬይን 27 ሰዓት ቆመዋል። እዚያ ወረፋ ውስጥ በሁለትም ጎማ ይጎተት በአራት፣ ሁሉም እኩል ነበር። የሚለየው ብርድ ልብስ፣ ውኃና ነዳጅ የያዘው ሰው ነው።

የሚገባ ተቃውሞም አለ፤ እቀበለዋለሁ። ኦል ዊል ድራይቭ ዳገት ላይ ለመነሳት፣ ከተከመረ በረዶ ለመውጣት በእርግጥ ይረዳል። ኮሎራዶ ውስጥ በአይ-70 ተራራማ መንገድ፣ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የሚሠራው ሕግ ኦል ዊል ድራይቭን ይቀበላል። ግን አንብቡት፤ የሚቀበለው የጎማው ጥርስ ጥልቀት ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ነው። በተላጨ ጎማ አራቱም ቢጎትቱ ቅጣት አለ። በካናዳዋ ኪውቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የክረምት ጎማ ግዴታ ነው፤ ሕጉ ስንት ጎማ እንደሚጎትት አያነሳም። ፖርሽንና አውዲን የምትሠራው ጀርመንም ብትሆን በረዶ መንገድ ላይ ካለ የምትጠይቀው ጎማውን ነው፤ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ከሌለው አይሆንም። መኪናውን የፈለሰፉት ሰዎች ለመኪናው ያላመኑለትን እኛ እናምንለታለን። «ኤሌክትሮኒክሱስ?» ለሚለኝ ደግሞ፣ መኪና እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠረው መሣሪያ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ ቀላል መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ነው። ኮሮላዋም አላት።

ሽሙጡን ልተወው። ሰው ፈጣን መኪና ስለወደደ ገዛ ቢል ማንም አይጠይቀውም፤ ገንዘቡ ነው። የሚያናድደኝ ምኞትን የደኅንነት ልብስ አልብሶ፣ ያንንም አምኖ፣ በበጋ ጎማ ልጆች በሚሻገሩበት መንገድ ላይ መውጣት ነው። ጎማ ግዙ። የአራት የክረምት ጎማ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ የፊት ጎማዋ ብቻ የሚጎትት አሮጌ ኮሮላ በክረምት ጎማ በረዶ ላይ ከየትኛውም በበጋ ጎማ ከሚሄድ ካሬራ ቀድማ ትቆማለች። ጂቲ-አሩን ያለክረምት ጎማ ገዝቶ «ለበረዶ ብዬ» ማለት ውሸት ነው። ጎማውን ከገዛ ግን ቃሌን አነሳለሁ፤ መኪናው ጥሩ የበረዶ መኪና ይሆናል፣ ከነደስታው። ታዲያ ለዚያ ሰፊ ቸርኬ የሚሆን የክረምት ጎማ ጎሚስታው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ይታዘዛል። ኦክቶበር ላይ ያላዘዘ ሰው ዲሴምበር ላይ ሄዶ ጎሚስታውን አይውቀሰው።