«ሚስ» መባል ሰለቸን

ከመስከረም እስከ ሰኔ ያው ነው። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ወንዱ ባልደረባችን «ቲቸር» ነው፤ እኛ ሴቶቹ «ሚስ» ነን። አብረን ተመርቀን፣ አንዱን ክፍል እየተፈራረቅን እያስተማርን፣ እሱ በሙያው ሲጠራ እኛ ባላገባች ልጃገረድ መጠሪያ እንጠራለን። አምስት ልጅ ያሳደጉት፣ ጡረታቸው የደረሰው የሒሳብ አስተማሪያችንም «ሚስ» ናቸው። ልጆቹን አልወቅስም፤ የሰሙትን ነው የሚሉት። እንግሊዝ አገርም ወንዱ «ሰር»፣ ሴቷ «ሚስ» ነው የሚባሉት፤ የቋንቋ ምሁሯ ጄኒፈር ኮትስ በ2014 እ.ኤ.አ. ይህ ልማድ ሴቶችን ዝቅ ያደርጋል ብለው በአደባባይ ተቃውመውታል።

ቢሮ ስንገባ ይብሳል። የወንዱ ስም ፊት «አቶ» ይጻፍና ያበቃል፤ ያግባ አያግባ የሚጠይቀው የለም። የእኛ ተራ ሲደርስ «ወይዘሮ ልበል ወይዘሪት?» ይመጣል፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት። የፈታችው ምን ትበል? ባሏ የሞተባትስ? ለሥልጠና ልትመዘገብ የመጣች መምህር ስለ ትዳሯ ለምን ትጠየቃለች?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የወላጆች ስብሰባ ነው። አባትየው ገና ዘንድሮ የተቀጠረውን ወጣት «እርስዎ» ይሉትና ወደ እኔ ዞረው «አንቺ፣ ልጄ ለምን ውጤቱ ቀነሰ?» ይሉኛል። የእኔ ፀጉር እዚሁ ሰሌዳ ፊት ነው የሸበተው። እናቶች «የኔ ልጅ፣ አንቺ» ሲሉኝ ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ እሱ ፍቅር ነው። የአባትየው ንቀት ነው፤ ሰው ደግሞ ሁለቱን ይለያል።

መላው ግን ሩቅ አይደለም። «እርስዎ» እና «እሳቸው» ወንድ ሴት አይሉም። ሴቷም ሐኪም «ዶክተር» ናት። በራሳችን የደረጃ እድገት እንኳ «ከፍተኛ መምህር»፣ «መሪ መምህር» የሚለው ለሁላችንም አንድ ነው። «መምህርት» መባልን የሚመርጡ እኅቶች አሉ፤ አልቃወማቸውም፣ ቢያንስ ሙያችንን ይጠራል። እኔ ግን ከባልደረባዬ ጋር አንድ ስም እፈልጋለሁ።

የመስከረሙ ድልድል ሲለጠፍ ከሁላችንም ስም ፊት «መ/ር» ይጻፍ። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ላይ ይነገራቸው፤ ቶሎ ይለምዱታል። ለወላጆቹ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው፣ ስብሰባው ሳይጀመር ይንገሩልን፤ እኛማ ስንናገር «ቁጡ» ተባልን።