ስለ ጭቃ አዛዛቅና ስለ ዛቂው ጤና

በሰሜን ወሎ በረዶ በአካፋ አይዛቅም። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ እንኳ ዓመቱን ሙሉ የሚከርም በረዶ የለውም፤ ወልድያ ላይ የሚጥለው ደግሞ ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ልጆች አፍሰው ሳይጠግቡት ይቀልጣል። የሚዛቀው ጭቃ ነው። ወልድያም መርሳም በስተምዕራብ ከተገተረው ደጋ ግርጌ ስለሆኑ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉ አፈር ተሸክሞ ደጅ ድረስ ይወርዳል፤ ውሃው መንገዱን ይቀጥላል፣ አፈሩ ያድራል።

አዲስ የወረደ አመዳይ በረዶ በሜትር ኩብ ከ100 ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ እርጥብ ጭቃ ግን ከ1,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ አካፋ አይሞላም። ዛቂው ከጉልበቱ በርከክ ብሎ፣ ሸክሙን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ያነሳል፤ ሲደፋ ወገቡን ሳይሆን እግሩን ያዞራል። ጭቃው ምስማርና የጠርሙስ ስብርባሪ ስለማያጣ በባዶ እግር አይገባበትም።

ዛቂዎች በሦስት ይመደባሉ። ችኩሉ መጀመሪያ ላይ አካፋ ሙሉ እየዛቀ ሁሉን ያስንቃል፤ ከዚያ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። ዝግተኛው በትንሽ በትንሹ ዝቆ ይጨርሳል፤ ስለ እሱ የሚጻፍ የለም። ሦስተኛው ተደጋፊ ይባላል።

ተደጋፊ አካፋውን ተክሎ የሚቆም ነው። በብብቱ የሚደገፈው አንድ እጁን ለስልክ ያስለቅቃል። በአገጩ የሚደገፈው ያስባል። በሁለት ክንዱ የሚደገፈው አማካሪ ነው፤ «በዚያ በኩል ቁረጡለት እንጂ፣ ውሃው መውጫ ያግኝ!» ይላል። ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። «ጋሼ፣ ካዩት አይቀር አንድ ሁለቴ ይዛቁልን» ሲባል፣ የአካፋው ስለት መዶልዶሙን በአውራ ጣቱ ፈትኖ ያረጋግጣል።

በጤና ረገድ ተደጋፊን የሚያህል የለም። ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፤ ትንፋሹ አይቆራረጥም፤ እጁ ውሃ አይቋጥርም። ስጋቱ አንድ ብቻ ነው፦ ብዙ በቆመ ቁጥር ቦቲው ይሰምጣል፣ እግሩን ሲነቅል እግሩ ብቻ ይወጣል። ቦቲውን ለማውጣት መዛቅ ግድ ይሆናል፤ ተደጋፊ ሲዝቅ የሚታየውም ያኔ ነው። የቀሩት ንዑስ ዓይነቶች «ቡና ደርሷል» ሲባል ስለሚቀላቀሉ ለይቶ መዘርዘር አይቻልም። ቀድሞ እጁን የሚታጠበው ግን ይታወቃል።

የመርሳ ሰው ጓሮ ካለው የዛቀውን ደለል ከማንጎው ሥር ያለብሰዋል። ጓሮ የሌለው ጭቃውን ወደ ቦዩ መመለስ የለበትም፤ ቦዩ ከተደፈነ የማግስቱ ጎርፍ ወደዚያው ደጅ ይዞለት ይመጣል። ጎረቤት ደጅም አይቆለልም፤ ጎረቤትም አካፋ አለው።