የትኛው እጅዎ ነው?

የወደቅኩት ከአሸተን ማርያም ስወርድ ነው። ለገና ላሊበላ ድረስ ሄዶ አሸተንን ሳይሳለሙ መመለስ ቅር ያሰኛል፤ እኔም ቤተ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ተራራውን ተያያዝኩት። ዳገቱን በደህና ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጠጠር ከእግሬ ሥር ተንከባለለና በግራ መዳፌ መሬት ላይ አረፍኩ። ከኋላዬ የሚወርዱ እናት «እኔን ልጄ!» እያሉ ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው እጄን አሰሩልኝ።

«ወጌሻ ይሽህ» ያሉኝ ብዙ ነበሩ። አጥንቱ ሳይታይ መታሸቱን ፈርቼ ወደ ሐኪም ሄድኩ፤ የራጅ ማዘዣ ተጽፎልኝ ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ በቃሬዛ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጎረምሶቹ እየተቀባበሉ ሲሸከሟቸው እንዳደሩ ነገሩኝ። ላስታ ገደሉ ብዙ ነው፤ መኪና በማይገባበት ቀበሌ በሽተኛ የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነው። እኝህን አባት ፊልሙ ተበላሽቷልና ነገ ይመለሱ ማለት እንዴት ይቻላል?

ተራዬ ደረሰ። የራጅ ባለሙያዋ ስሜንና ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አሉ። ቀጥላ «ጋሼ፣ የትኛው እጅዎ ነው?» አለችኝ። ያበጠ እጄን እያየች መጠየቋ አናደደኝ። ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ፤ «ቀኝ» ይላል። «ያዘዘው ሰው ራሱ ያስተካክለው፤ እኔ መሰረዝ አልችልም» ብላ መለሰችኝ። ሕመሙ እየጠዘጠዘኝ፣ እያጉረመረምኩ አስተካክዬ መጣሁ።

«ብረት ነገር ያውልቁ» አለች። ቀለበቴን በሳሙና አሟልጫ አወጣችው። የብረት መስቀል ያለበትን መቁጠሪያዬን ግን ጧት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የገዛሁት ነበርና ከእጄ መለየት አልፈለግኩም፤ ወደ ክንዴ ገፍቼ በእጅጌዬ ሸፈንኩት። የእርሳስ ሽርጥ አልብሳኝ፣ እጄን አስተካክላ ከግድግዳው ጀርባ ስትገባ ክንዴን ጥቂት አነቃነቅኩ፤ መቁጠሪያው ተንሸራተተ። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ መስቀሉ ነጭ ሆኖ አንጓዬ ላይ ተጋድሟል።

ብረት በራጅ ፊት መደበቂያ የለውም። ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው በእኛ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ነው፤ አድዋም በዚያው ዓመት ነው። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በግንቦት፣ ኢትዮጵያ ላይ ሊዋጉ መጥተው የቆሰሉ የሁለት ጣሊያናውያን ወታደሮች ክንድ ውስጥ ያለው ጥይት ናፖሊ ላይ በራጅ ተፈለገ። የሐኪም ቤት ራጅ ታሪክ ገና ከጅምሩ የእኛ ጦርነት አለበት።

ባለሙያዋ አልተቆጣችኝም። «ደግሞ ማንሳት ደግሞ ጨረር ነው» አለችኝ በሐዘን። ያን ጊዜ ሥራዋን በቅጡ አየሁት። ጨረሩን አንጓዬ ላይ ብቻ አጥብባ ታሳርፋለች። መጠኑን እንደ አካሉ ውፍረት ትመርጣለች። ታካሚዋ ሴት ከሆነች እርግዝና እንዳለ ትጠይቃለች። ግራና ቀኙን ፊልሙ ላይ ታመለክታለች። በዓመት ስንት ሺህ ጊዜ ጨረር አጠገብ የምትቆመው እሷ ናትና ደረቷ ላይ የደረሰባትን ጨረር የሚመዘግብ ባጅ አድርጋለች። «ተሰብሯል?» ብላት «እሱን ሐኪሙ ይነግርዎታል» ብላ ድንበሯን ጠበቀች።

አራት ጊዜ፣ በአራት አቅጣጫ አነሳችኝ። ከአውራ ጣቴ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ተሰንጥቃለች። ስንጥቋ የታየው እጄን ወደ ትንሿ ጣት አዘንብላ ባነሳችው በመጨረሻው ፊልም ላይ ብቻ ነው። ሐኪሙ እንደነገረኝ ይህች አጥንት የምታገኘው ደም ጥቂት ነው፤ ሳትታወቅ ከቀረች ሳትገጥም ልትቀር ትችላለች። በጀሶ ታስሬ ወጣሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ራጅ ክፍል ስትገባ ስምህን ቢጠይቁህ አትሰልች፤ አውልቅ ያሉህን ሁሉ አውልቅ፤ አትንቀሳቀስ ሲሉህ ጸጥ በል። ጥያቄው ሁሉ የሚጠየቀው ላንተ ነው።