ማጉረምረም ድሮ ቀረ

ማጉረምረም እንኳ ድሮ ቀረ፣ ወገኖቼ። በርበሬው ቀለም እንጂ ማቃጠል የለውም፣ ጫማው ክረምት አያሻግርም እያልን ስናማርር ኖረን፣ ይኸው በመጨረሻ ምሬቱ ራሱ ተበላሸብን። የዘንድሮ ልጅ ገና ያላየውን ነገር ይጠላል። ጠዋት ይራገመዋል፣ ቀትር ላይ ይገዛዋል፣ ማታ ታቅፎት ያድራል። እኛ አንድን ነገር ለመጥላት ስንት ዓመት ይፈጅብን ነበር! አገላብጠን፣ አጣጥመን፣ በቅጡ ወደነው ነበር የምንጠላው።

ይህን የምለው ስለ ፖኬሞን ነው። ጥግ ይዛችሁ የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሳቁ፣ ጥርስ ሳለ ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ አንድ ብላቴና ከእናቱ ቤት ወጥቶ በየጫካው ጭራቅ እያጠመደ፣ እያሠለጠነ፣ ከሌላ ባለ ጭራቅ ጋር እያፋለመ አገር የሚዞርበት የጃፓን ጌም ነው። ካርቱንም ወጥቶለታል። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ጭራቆቹ የኛን መስከረም አያውቁም።

በ1998 አሜሪካ ሲገባ እኔ ዋሽንግተን ታክሲ እነዳ ነበር። ልጄ ከመጽሐፉ ጋር ተኳርፎ ጌሙን የሚጫወትባትን ሣጥን ሲነካካ ሲያመሽ አየሁና ቀማሁት። ቀምቶ ምን እንደሆነ ሳይመረምሩ መመለስ ደግሞ የአባት ወግ አይደለም። ምርመራዬ ስምንቱንም የከተማ አለቆች ድል እስክነሣ ድረስ ወሰደ። ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ መረመርኩ፤ ተሳፋሪው ታክቶት ሌላ መኪና ውስጥ ሲገባም መረመርኩ። ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነበር። የዛሬ ወላጅ አይቀማም፤ ጭራሽ አብሮ ተቀምጦ ይጫወታል፣ አያፍርም።

መሣሪያውስ ቢሆን! ጌም ቦይ አራት የባትሪ ድንጋይ ይጎርስ ነበር። መስታወቱ የጎመን ውሃ የመሰለ፣ የራሱ መብራት የሌለው ነው። ስለዚህ ሰው ብርሃን ፍለጋ ከቤቱ ይወጣል፣ የመንገድ መብራት ሥር ይቆማል፣ ነፋስ ያገኘዋል። ጭራቅ ለመለዋወጥ ሁለቱ መሣሪያዎች በገመድ ይታሰሩ ስለነበር፣ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ ግድ ነው። ሐውንተር የሚባለው ከእጅ ወደ እጅ ካልተሻገረ በቀር ጨርሶ አያድግም። በዚያ ገመድ ሰበብ አንድ ናይጄሪያዊ ባለ ታክሲ ወዳጅ አፍርቼ ነበር። ሐውንተሬን ሰጠሁት፤ አሳድጌ እመልስልሃለሁ አለኝ፤ ሳይመልስ አገሩ ገባ። እንዲህ ያለ ወዳጅነት ዛሬ ከየት ይመጣል? የአሁኑ ልጅ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ፣ መልኩን ከማያውቀው ሰው ጋር፣ ኮሪያ ይሁን ብራዚል ሳይጠይቅ ይለዋወጣል። ደግሞ ይመለስለታል።

ጌሙን የፈጠረው ሳቶሺ ታጂሪ፣ ከቶኪዮ ወጣ ብላ ባለችው ማቺዳ ጥንዚዛ እየለቀመ ያደገ ሰው ነው። ሜዳው በቤትና በአስፋልት ሲሸፈን፣ ያንን የመልቀም ደስታ ላጡት ልጆች በጌም ልመልስላቸው አለ። ከዚያ በፊት ግን እሱም እንደማንም የጌም አድናቂ ነበር፤ አድናቂነቱን ግን እዩልኝ! በ1983 ጌም ፍሪክ የምትባል መጽሔት በእጁ እየጻፈ፣ ገጿን በስቴፕለር እየመታ ያወጣ ነበር። በኋላ ጭራቆቹን የሣለው ኬን ሱጊሞሪ መጽሔቲቱን አይቶ ነው የተቀላቀለው። መጽሔቲቱ ኩባንያ ሆነች፤ ኩባንያዋ ስድስት ዓመት ገደማ ለፍታ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 የመጀመሪያዎቹን ካሴቶች ጃፓን ላይ አወጣች። አስተያየት ማለት እንግዲህ ይህ ነበር፤ ወረቀት ይገዛል፣ ብዕር ይቀለማል፣ እጅ ይደክማል። የዛሬው አድናቂ በአውራ ጣቱ ‹ቆሻሻ› ብሎ ይጽፋል፤ እሷኑም ፊደል ገድፎ።

የጌም ሠሪዎቹን ችኮላስ ምን ልበለው! በ2022 ብቻ አንዱን ጌም በጃንዋሪ፣ ሌላውን በኖቬምበር አወጡት። ለመጫወት ቀርቶ ለማማረር ፋታ አይሰጡም። የኖቬምበሩ፣ ስካርሌትና ቫዮሌት የተባለው፣ ሰው መሬት ውስጥ የሚሰጥምበት፣ ፊት የሚጣመምበት ነገር ነበር። አድናቂው ጮኸ፤ ጉዱን በቪዲዮ እየቀረጸ ተሳለቀ፤ ገንዘቤን ተበላሁ አለ። በሦስት ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን ተሸጠ። ምነው ሸዋ! ሰው የተራገመውን ይገዛል? እኔ ሁለቱንም የገዛሁት ጥፋቱን በዓይኔ ለማረጋገጥ ነው፤ የስካርሌቱን ጥፋት አይቶ የቫዮሌቱን አለማየት አድልዎ ይሆናል። የኛም ካሴት እንከን አላጣውም ነበር። በአንዲት ደሴት ጠረፍ ወዲያና ወዲህ ስትዋኙ ሚሲንግኖ የሚባል የተቦጫጨቀ ነገር ብቅ ይልና፣ ቦርሳችሁ ውስጥ በስድስተኛ ተራ ያስቀመጣችሁትን ዕቃ ያበዛላችኋል። የኛ እንከን በረከት ነበረው።

በ2019 የሆነውን ላንሣ፤ ቁስሌ ነው። ጁን ላይ ጁኒቺ ማሱዳ፣ ከጥንት ጀምሮ የጌሙን ዜማ ሲደርስ የኖረው ሰው፣ ብቅ አለና ሶርድና ሺልድ በሚባለው አዲሱ ጌም ውስጥ ጭራቆቹ ሁሉ እንደማይገቡ ተናገረ። ቁጥራቸው ከ800 አልፎ ነበር። ዓለም ተናወጠ። ከማስታወቂያው ላይ አንድ ዛፍ ነጥለው አውጥተው፣ ዜልዳ ከሚባለው የ1998 ጌም ዛፍ ጎን አስቀመጡት። ሃያ ዓመት ሙሉ ዛፍ መሣል አልተማሩም የሚል ክስ ተመሠረተ። ለዛፍ! በኛ ጌም ዛፍ ማለት ነጠብጣብ ነበር። መንገድ የዘጋውን ቆርጣችሁ ታልፋላችሁ፤ ዞር ብላችሁ ስትመለሱ በቅሎ ይጠብቃችኋል። እንዲህ ያለ የደን ልማት የትኛው መንግሥት አሳይቶናል?

ለጨዋ ሰው 151 ጭራቅ ከበቂ በላይ ነው። በየስማቸው እናውቃቸው ነበር፤ ማን ከማን እንደሚወለድ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ። አሁን 1025 ደርሰዋል፤ ይህን ሁሉ ማን ይመግባል? ስለዚህ ማሱዳ እንቀንስ ሲል እሰየው ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። እሰየው ብዬ ዝርዝሩን ባይ ግን ፒጂ የለችም። ፒጂ! ከቤት እንደወጣችሁ በመጀመሪያው መንገድ ላይ የምትገኘዋ ወፍ፣ የድሃ አለኝታ፣ ስታድግ አገር ላገር ይዛችሁ የምትበረው። እሷን አስቀርተው ያን ሁሉ ግብስብስ አስገቡት። ልጆቹ የጮኹት በከንቱ ነው፤ የኔ ግን የፍትሕ ጥያቄ ነበር። ጌሙ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ 6 ሚሊዮን ተሸጠ። ከዚያ ውስጥ አንዱ ለልጅ ልጄ የልደት ስጦታ የገዛሁለት ነው። ያኔ ገና መራመድ አልጀመረም ነበርና በአደራ እኔ ያዝኩለት።

የአዲሶቹ ጭራቆች መልክማ አይነሣ። በ2010 ብላክና ዋይት ሲወጣ 156 አዳዲስ ጭራቆች በአንድ ጊዜ አፈሰሱብን፤ የኛን 151 መብለጣቸው ሳያንስ አንዱ አይስክሬም ነው። ሌላው የቆሻሻ ከረጢት ነው፣ ከነቋጠሮው። የቆሻሻ ከረጢት አሠልጥነህ ድል ንሣ ይሉሃል! የድሮዎቹ ግን ጥልቀት ነበራቸው። ቮልቶርብ አለ፤ ዓይን ያለው ኳስ ነው። እሱ ሲያድግ ኤሌክትሮድ ይሆናል፤ ያው ኳስ ቀለሙ ተገልብጦ። ዲግሌት ከመሬት ብቅ ያለ አንድ ራስ ነው፤ ሲያድግ ሦስት ራስ ይሆናል። ግራይመር ዝቃጭ ነው። ዝቃጭ ሆኖ መኖር ደግሞ ትልቅ ፍልስፍና ነው፤ ከረጢቱ ግን ቆሻሻ ብቻ ነው።

ወሬ እንኳ በኛ ጊዜ እምነት የሚጣልበት ነበር። ሚው የምትባለዋን 151ኛዋን ጭራቅ ከጌሙ ሠሪዎች አንዱ፣ ሺጌኪ ሞሪሞቶ፣ በመጨረሻው ሰዓት በድብቅ ነበር ያስገባት። ታዲያ ጌሙ ውስጥ አንዲት ትልቅ መርከብ አጠገብ የቆመ የጭነት መኪና አለ፤ እሱን የገፋ ሚውን ከሥሩ ያገኛታል ተባለ። ገፋሁት። አልተነቃነቀም። ከሌላ አቅጣጫ ገፋሁት። ጉድለቱ የአገፋፍ እንጂ የወሬው አይደለም፤ የነገረኝ ልጅ ቤተሰቡ የተከበረ ነው፤ የአክስቱ ልጅ ጓደኛ በዓይኑ በብረቱ አይቷል። የዛሬዎቹ ግን ሾልኮ የወጣ ምስጢር ነው ይሉና ጌሙ ሳይወጣ መጨረሻውን ይነግሩሃል። ብሶ ብሶ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ምን ደስታ አለው?

ወደ ካርቱኑ ልምጣ፤ እሱ ላይ ደሜ ይፈላል። አሽ የሚባለው ልጅ በ1997 ጃፓን ላይ ሲጀምር ዐሥር ዓመቱ ነበር፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላም ዐሥር ነው። በዚህ መሃል የኔ ልጅ ሚስት አገባ፣ ቤት ገዛ፣ ጠጉሩ ሳሳ። ካርቱኑ በጀመረበት ዓመት ዲሴምበር 16 ቀን በአንዱ ክፍል ላይ የቀይና የሰማያዊ ብልጭታ በዝቶ ከ600 በላይ ልጆች ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ እግዜር ይመስገን ተረፉ። ካርቱኑ አራት ወር ተቋረጠ። አሁን ፍርዱን ስሙ፤ ብልጭታውን ያመጣው የአሽ ጭራቅ የፒካቹ መብረቅ ነው፤ ከካርቱኑ ተባርሮ የቀረው ግን ፖሪጎን የሚባለው ምስኪን ነው። ፒካቹ አውሮፕላን ላይ ተሣለ! እዚህች ላይ ልጆቹም ሲጮኹለት ሰምቻለሁ፤ የጮኹት ግን ከኔ በኋላ ነው።

አሽ በየአገሩ ውድድር ሲሸነፍ አሳዘነን። በ2016 ካሎስ በሚባለው አገር፣ በቃ አሁንስ አሸነፈ ብለን ተሰብስበን ሳለ፣ አሌን ለሚባል ልጅ እጅ ሰጠ። ምድር ተንቀጠቀጠች። በዚያው ዓመት ፊቱን አቅልለው፣ ዓይኑን አክብበው እንደ አዲስ ሣሉት፤ ሌላ ለቅሶ። በ2019 አሎላ ላይ አሸነፈ፤ ቀላል ስለሆነ ነው አሉ አድናቂዎቹ። በ2022 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ዘገየ አሉ። በ2023 ማርች ላይ ተሰናበተ፤ ይሂድልን ሲሉ የኖሩት ሁሉ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። ቋሚ ቃል የላቸውም። እኔ በበኩሌ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህ ልጅ ይበቃዋል፣ ወደ እናቱ ይመለስ እል ነበር። ይበቃዋል ማለት ግን ውሰዱት ማለት ነው?

ለካርቱኑ ሠሪዎች ግን አንድ ነገር ልመስክርላቸው። አሽ ድሮ ፒጂዮቱን፣ ያችው ፒጂ ትልቅ ስትሆን ማለት ነው፣ ደካማ ወፎችን ጠብቂ ብሎ ጫካ ትቷት ሄዶ ነበር፤ እመለሳለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶ። ከሃያ ዓመት በላይ ጠበቅን። እሱ በየአገሩ ሲዞር፣ አዳዲስ ወፍ ሲለማመድ፣ እኛ ያችን ጫካ አልረሳንም። በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ላይ ተመልሶ አገኛት። ወዲያው ለልጄ ሥራ ቦታው ደወልኩ።

‹አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ› አለኝ።

ፒጂዮት ተመልሳ፣ እሱ ስብሰባ! ማታ መጥቶ ግን ራሱ ከፍቶ አየው፤ እኔም ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ደገምኩት።

አዲሱን ካርቱን ጨርሶ አላየሁትም፤ አላይምም። ሊኮ የምትባል ዓይነ አፋር ልጅ አረንጓዴ ድመት ይዛ፣ ሮይ ከሚባል ልጅ ጋር በአየር መርከብ ትዞራለች። ሌላ ፒካቹ ደግሞ የካፒቴን ኮፍያ ደፍቶ መርከቡን ያዝዛል። ሊኮ አንገቷ ላይ ያለው ጌጥ ምስጢር እንዳለው ገና ከጅምሩ ያስታውቃል። ይህን ሁሉ ሳታይ ከየት አወቅኸው ትለኛለች ባለቤቴ። ሰው በቤቱ እያለፈ አይሰማም? ቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ወንበር ደግሞ ለወገቤ የሚመቸኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ በ2025 ኦክቶበር የወጣው ጌም ላይ፣ የሕንፃው መስኮትና በረንዳ ግድግዳ ላይ የተቀባ ሥዕል ነው ብለው አድናቂዎቹ ገና ሳይወጣ ለቅሶ ተቀመጡ። ወይ መዓልቲ! እኛ በር እንኳ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ገብተን ወጥተናል። ጨዋ ሰው መስኮት አይመለከትም፣ የሰው ቤት ነው። ደግሞም እውነት ነው፤ ከተማውን ቤት ለቤት እየዞርኩ ቀርቤ አይቻቸዋለሁ፤ ድፍን ሥዕል ናቸው፣ አሳፋሪዎች።

በሉ እንግዲህ፣ የልጅ ልጄ ተኝቷል መሰለኝ። ዝርዝሩን ለመሙላት አንዲት የቆሻሻ ከረጢት ብቻ ነው የቀረችኝ፤ ዛሬ ሳላሳድጋት አልተኛም። መሣሪያው ግን እንደ ወጉ የባትሪ ድንጋይ አይጎርስ፣ ይኸው ቀይ እያበራ ነው። ቻርጀሩን ከዚህ ማነው ያነሣው?