የብርድ ማስታገሻና የፀሐይ አከፋፈል አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

እኛ ፀሐይ፣ የቀን ባለቤት፣ በፈረቃ ጠፍተን የማናውቅ፤

ከታኅሣሥ 12 ገደማ ጀምሮ ፊታችንን ከደቡብ ወደ እናንተ መመለሳችን እየታወቀ ሕዝቡ ጧት ጧት «የዘንድሮ ብርድስ ለብቻው ነው» እያለ ስማችንን እያጠፋ መሆኑ ስለተደረሰበት፤ ይኸው አቤቱታ አምናም ካቻምናም ቃል በቃል የቀረበ መሆኑ ከመዝገብ ስለተረጋገጠ፤ ከጥር 4 እስከ ጥር 11 በሚውለው ደረቅ ሳምንት ሙቀቱ በሂደት፣ ደረጃ በደረጃ፣ አቅም በፈቀደ መጠን እንደሚጨምር ማሳወቅ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ የሥራ ሰዓት

አዲስ አበባ ላይ ሥራ የምንገባው ከጧቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው። ቀኑ እየረዘመ ነው መባሉ እውነት ነው፤ ጭማሪው ግን በማታው በኩል ስለሆነ ጧት ታክሲ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሠራተኛ የሚደርሰው ነገር የለም። ቅር ያለው በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አናቱ ላይ ስንደርስ ማመልከት ይችላል። ያን ጊዜ ደግሞ «ሙቀቱ ገደለኝ» ስለሚል ሁለቱን በአንድ መዝገብ እናያቸዋለን።

አንቀጽ 2፦ ስለ ሙቀት ጉድለት

ቀን ላይ እስከ 23 ዲግሪ ድረስ ቆጥረን እናስረክባለን። ንጋት ላይ ስንመለስ ካዝናው ውስጥ የምናገኘው 8 ዲግሪ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ምርመራ ተደርጎ ጥፋተኛው ጥርት ያለው ሰማይ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ወቅት ከሰሜን ምሥራቅ፣ በዓረብ ምድር በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ደረቅ ነው፤ እርጥበትም ደመናም ይዞ አይመጣም። እኛ ስንጠልቅ ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ የሚይዝላት የለም። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣ ታማርራለች፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ሣሯ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ከተማ ሲቆረቆር እኛን ያማከረ የለም። እቴጌ ጣይቱ ብቻ ነገሩ ገብቷቸው የእንጦጦን ብርድ ትተው በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውኃው አጠገብ ወርደዋል። እናንተ አሁን ቤት እየሠራችሁ ወደ እንጦጦ መልሳችሁ ትወጣላችሁ።

«ደመና ይላክልን» የሚል ማመልከቻ ከአንድ ከተሜ ደርሶናል። አላጠፋም፤ ደመና ቢኖር ሌሊቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነው ነበር። ነገር ግን በዚያው ዕለት ከገጠር የመጣው ማመልከቻ «ጤፉ አውድማ ላይ ነው፤ አንዲት ጠብታ እንዳትወድቅ» ይላል። አመልካቾቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ከተሜው ታናሽየው ነው። መርምረን ለታላቅየው ፈርደናል። ታናሽየው ይግባኝ ጠይቆ ነበር፤ ይግባኙን ሲጽፍ የበላው እንጀራ በማስረጃነት ተያይዞበት ተረትቷል። (ሹራብ እንዲገዛ በቃል ተነግሮታል። — ጸሐፌ ትእዛዝ)

አንቀጽ 3፦ የሚኒባስ መስኮት

እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት መስኮት የከፈተ «ነፋስ ልታስመታን ነው ወይ» በሚሉ እናቶች ይዳኛል። ከ7 ሰዓት በኋላ የዘጋ በጎልማሶች ይዳኛል። በመካከሉ ላለው ጊዜ ሥልጣኑን መስኮቱ አጠገብ ለተቀመጠው ልንሰጥ አስበን ነበር፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ሲጣራ ስለሚውል አንቀጹ ለጊዜው ታግዷል።

አንቀጽ 4

ከንፈርን ቫዝሊን ሳይቀቡ በሰፊው መሳቅ ለሳምንቱ ተከልክሏል።

አንቀጽ 5፦ የፀሐይ አከፋፈል

ወደ ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ ሥር ጋቢ ለብሶ ለመቀመጥ ቅድሚያ ያለው ጡረተኛ ነው፤ ተማሪና ሥራ ፈላጊ ከእሱ በኋላ ይሰለፋሉ። ይህ እስከ ቅርብ ጊዜ ያለ ክርክር ይፈጸም ነበር። አሁን ግን «ጎረቤቴ ፎቅ ሠርቶ እስከ 4 ሰዓት በጥላው ያዘኝ» የሚል አቤቱታ በዝቷል። እኛ በቀጥታ እንሄዳለን እንጂ መታጠፍ አይሆንልንም። ለፎቁ ባለቤት ጥሪ ብናደርግለት አምስተኛ ፎቅ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተገኝቷል፤ ስለ ምን ብርድ እንደምናወራ ግራ ገብቶት በትሕትና ጠይቆናል። አቤቱታ አቅራቢዋ እማማ ወንበራቸውን ይዘው ወደ አስፋልቱ ዳር እንዲወጡ፣ መኪና እንዲጠነቀቁም ተመክረዋል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ከተራ

ከላይ የተጠቀሰው «በሂደት» ሲሰላ በቀን ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም። በመሆኑም ጥር 10 ከታቦታቱ ጋር ጃንሜዳ የሚያድር ምእመን በዚህ አዋጅ ተማምኖ ነጠላ ብቻ ለብሶ እንዳይወጣ። በማግስቱ ጸበሉ ሲረጭ የሚንቀጠቀጥ ቢኖር ጉዳዩ እኛን አይመለከትም፤ ገና መውጣታችን ነው።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጧት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ድንገት ደመና ቢመጣ አዋጁ አይሻርም፤ ይሸፈናል።

ፀሐይ

(ማኅተም አልተደረገበትም፤ ማኅተም ያዡ ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቷል። ከምሳ በኋላ ተመለሱ። — ጸሐፌ ትእዛዝ)