ቅቤ የነፈገኝ ወተት

ዛሬም የላስቲኩ ወተት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። ቢያድር ክሬም አያወጣ፣ ቢረጋና ቢናጥ ቅቤ አይሰጥ! የልጅ ልጄ «አባባ፣ ሆሞጂናይዝድ ነው እኮ» ትለኛለች። ይሄ መልስ ሆኖ!

እኔ የማውቀው ወተት ወግ ነበረው። ውሃ ውስጥ የተበተነ የስብ ጠብታ ነው፤ ኢመልሽን ይሉታል። የሚነጣውም ብርሃን ጠብታዎቹ ላይ እየተጋጨ ስለሚበተን ነው። ስቡ ከውሃ ስለሚቀል ሲያድር ከላይ ይሰፍራል። ባለቤቴ እርጎውን በቅል ስትንጥ የጠብታዎቹ ስስ ሽፋን ይቀደድና እርስ በርስ ይጣበቃሉ። መደብ ላይ ቁጭ ብዬ የቅሉ ድምፅ ሲለወጥ ቅቤው መውጣቱን አውቅ ነበር። ያኔ ነገሩ ይገለበጣል፤ በተራው ውሃው ስቡ ውስጥ ይበተናል። ከመቶ 16 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ በቅቤ ዋጋ ውሃ እንደምንገዛ ልብ በሉልኝ።

ኦግዩስት ጎላን የሚባል ፈረንሳዊ በ1899 እ.ኤ.አ. ወተትን በኃይለኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ የሚያሾልክ መሣሪያ አስመዘገበ። ጠብታው ተሰባብሮ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ በታች ይሆናል፤ የወተቱ ፕሮቲንም ይሸፍነዋል። ሆሞጂናይዝድ የሚሉት ይሄንን ነው። ከዚያ ወዲያ መንሳፈፍ የለ፣ መጣበቅ የለ። ምን በድሎት ይሆን?

የባሰው ደግሞ ማዮኔዝ ነው። ድንቹንም ዳቦውንም እሱን ለቅልቀው ያቀርቡልኛል። ደንበኛው ማዮኔዝ ከመቶ 70 እጅ በላይ ዘይት ነው! ዘይትና ውሃ ቢመቷቸው ለጊዜው ይደባለቃሉ እንጂ ወዲያው ይለያያሉ። የእንቁላል አስኳል ውስጥ ግን ሌሲቲን አለ፤ አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ዘይት፤ መሃል ገብቶ እንደ ሽማግሌ ያስማማቸዋል። (ሰናፍጭም ይህን ሥራ ያውቅበታል፤ ማን ጠይቆት!) እኔን ግን የሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራኝ ጠፋ። ሽምግልናው ለአስኳል ተሰጠ!

ትናንት ልጅቷ ማዮኔዝ ልትሠራ ብላ ዘይቱን ባንዴ ገለበጠችው። ተለያየባት። «በጠብታ በጠብታ ጨምሪ፤ ዘይቱ ሳይሰባበር ከበዛ መልሶ ይጠራቀማል። አሁንም ሌላ አስኳል አምጪና የተበላሸውን ቀስ እያልሽ አፍስሽበት» አልኳት። መች ሰማችኝ! ስልኳን ከፈተች። ስልኩም ቃል በቃል ይህንኑ ነገራት። እንዳላት አደረገች፣ ወፍሮ ያዘላት። ከዚያም አመሰገነች፤ ስልኩን።